«ደመወዝ፦ በስምምነት» የሚሸሽገው ልዩነት

እ.ኤ.አ. በ2023 በቡዳፔስት በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ጉዳፍ ፀጋይ የ10 ሺሕ ሜትር ወርቅ ስታገኝ ሽልማቱ 70 ሺሕ ዶላር ነበር። በወንዶቹ ተመሳሳይ ርቀት ላሸነፈው ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌይም የተመደበው ያው 70 ሺሕ ነው። ሁለቱንም «ስንት ትፈልጋላችሁ?» ያላቸው የለም። ዋጋው ከሩጫው በፊት ተጽፎ የተቀመጠ፣ ማንም የሚያውቀው ነበር።

ከስታዲየም ወደ ቢሮ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ሕግ አልጎደለንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 እና 42 ለሴቶች የእኩል ክፍያ መብት ሰጥቷል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በክፍያ ረገድ በፆታ ማዳላትን ከልክሏል። ይሁን እንጂ የግል ድርጅቶችን የሥራ ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው «ደመወዝ፦ በስምምነት» በምትለው ሐረግ ላይ ነው። እንደ እኔ እምነት ሕጉ የሚያፈሰው በዚህች ቀዳዳ ነው።

ስምምነቱ እንዴት እንደሚደረግ ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሁሉ አይጠፋውም። «አሁን ስንት ይከፈልዎታል?» ይባላል፤ በዚያ ላይ ጥቂት ይጨመራል። ትናንት አነስተኛ ይከፈላት የነበረች ሴት ጉድለቷን ተሸክማ ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤት ትገባለች። ጠንክራ ብትደራደር «ዓይን አውጣ» ትባላለች፤ ወንዱ ግን «ዋጋውን ያወቀ» ይባላል። ደመወዝን ማውራት ነውር ነውና፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ልዩነቱን ሳያውቁ ዓመታት ያልፋሉ። ያላወቁትን ደግሞ አይከሱም።

ላወቁትም ቢሆን መንገዱ ረጅም ነው። የአሜሪካ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን እግር ኳስ ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. በ2019 ፌዴሬሽናቸውን ሲከሱ የዓለም ዋንጫ ባለቤቶች ነበሩ። በ2020 ዳኛው የክፍያውን ክስ ውድቅ አደረጉት። ካነሷቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ተጫዋቾቹ በድርድር ከወንዶቹ የተለየ ውል መርጠዋል የሚል ነበር። ባጭሩ «ተስማምታችኋል» ተባሉ። ጉዳዩ በ24 ሚሊዮን ዶላር በእርቅ ያለቀውና ለሁለቱም ቡድኖች እኩል የሚከፍል ውል የተፈረመው በ2022 ነው።

«ገበያው ይወስን» የሚሉ ወገኖች አሉ። ልምድና ችሎታ ልዩነት ቢያመጡ ተገቢ ነው። ነገር ግን ዋጋው የማይታይበት ገበያ፣ ገበያ አይባልም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደረጃና ደመወዝ ጽፈው ሲቀጥሩ ኖረዋል። የላይኛው ወንበር በወንዶች መያዙ ሌላ ችግር ቢሆንም፣ ቢያንስ የደረጃው ደመወዝ ምስጢር አይደለም። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ አሠሪዎች የክፍያውን መጠን ለሥራ ፈላጊው አስቀድመው እንዲያሳውቁና የቀድሞ ደመወዙን እንዳይጠይቁ ደንግጓል።

ለእኛ ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ማስታወቂያው ላይ የደመወዙ መነሻና ጣሪያ ይጻፍ፤ የቀድሞ ደመወዝ መጠየቅም ይቅር። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ የሚያጸድቁ ኃላፊዎች ጥቂት አይመስሉኝም። ሥራው ከእነርሱ ጠረጴዛ ሊጀመር ይችላል።