አሮጌው ቤት ወይስ አዲሱ?



ደምበል አካባቢ ቤት የምትፈልጉ ቤተሰቦች አሮጌውን የጭቃ ቤት ከአዲሱ አፓርታማ ታማዝናላችሁ። አሮጌው ግቢና የኖረ ጎረቤት አለው፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ሰፊ ቤትንና መልካም ጎረቤትን ከደስታ ቆጥረዋቸዋል። መሬቱ ግን የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ገላን ጉራ ገባ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ። ስለዚህ ምስጥ የበላውን ማገር ከማየታችሁ በፊት የሰፈሩን ፕላን ክፍለ ከተማው ጠይቁ።

አዲሱ ብዙውን ጊዜ ብድር ያስከትላል። ወለድ ካለበት ለእኔ ነገሩ እዚያው አበቃ። ደግነቱ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች አሉ። በሙራበሓ ባንኩ ቤቱን መጀመሪያ ራሱ ይገዛል፣ ከዚያ ትርፉን አሳውቆ በቁርጥ ዋጋ ይሸጥላችኋል። ሳትፈርሙ ይህን ቅደም ተከተል ከውሉ ላይ ፈልጉት።