«የጾም» የሚለው ጽሑፍ ለሕመምተኛ ማረጋገጫ አይሆንም

የማይስማማን ምግብ ለይቶ ለማወቅ ከሚታዘዙት ዘዴዎች አንዱ የተጠረጠሩ ምግቦችን ለጊዜው አቁሞ መከታተል ነው። ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒና የመሳሰሉት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ከማዕድ ይርቃሉ፤ ከዚያም አንድ በአንድ እየተመለሱ በሆድና በቆዳ ላይ የሚያመጡት ለውጥ ይመዘገባል። ውጤቱ የሚታመነው ማቆሙ የተሟላ ሲሆን ብቻ ነው። ወተት ያቆመ ሰው ሳያውቀው የወተት ዱቄት ያለበት ብስኩት ሲበላ ከሰነበተ ሕመሙ አይለቀውም፤ እሱም «ያመመኝ ወተት አይደለም» ብሎ ይደመድማል። እውነተኛው መንስኤ በዚያው ተሸፍኖ ይቀራል።

ከሾላ ገበያ እስከ መገናኛ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ፣ በየካ ክፍለ ከተማ ሱቆች ወተትና እንቁላል ለተከለከለ ሰው የሚሰጠው ምክር ግን አጭር ነው፦ «የጾሙን ውሰድ»። ምክሩ በቅንነት ይነገራል፤ ነገር ግን ስሕተት ነው፤ በማቆሚያው ሳምንታት ደግሞ ጎጂ ነው።

እምነቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በ55ቱ የሁዳዴ ቀናትና በሌሎቹም አጽዋማት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበሉም። በየቤቱም ጠንቃቃ እናቶች የጾሙንና የፍስኩን ድስት ይለያሉ። ገዢው ይህን የቤት ጥንቃቄ በፋብሪካውም ውስጥ እንዳለ አድርጎ ይወስደዋል። ማሸጊያው ላይ ያለው ቃል የሚናገረው ግን ሊጡ ውስጥ ታስቦ ስለተጨመረው ነገር ብቻ ነው። በዚያው ማቡኪያ ቀደም ብሎ ምን እንደተቦካ አይናገርም።

ለምሳሌ አንድ የጾም ብስኩት ይታይ። «የጾም» የሚለው ፊት ለፊት በጉልህ ተጽፏል። የያዛቸው ነገሮች ዝርዝር የሚገኘው ከጀርባ፣ ብዙ ጊዜ ማሸጊያው በተጣበቀበት እጥፋት አጠገብ፣ በደቃቅ ፊደል ነው። በዓለም አቀፉ የኮዴክስ ደረጃ መሠረት ዝርዝሩ በክብደት ከሚበልጠው ወደሚያንሰው ይወርዳል። መጀመሪያ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ የስንዴ ዱቄት ነው፤ ስንዴ ላቆመ ሰው ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ስኳርና የአትክልት ዘይት ይከተላሉ። ወደ መጨረሻው ሌሲቲን ወይም ኢ322 ይገኛል። ዘይትና ውኃን የሚያዋህደው ይህ ንጥረ ነገር በብዛት ከአኩሪ አተር፣ አንዳንዴ ከሱፍ ወይም ከእንቁላል ይወጣል፤ ምንጩ ካልተጻፈ ገዢው ሊያውቀው አይችልም። «ማጣፈጫ» የሚለው ጥቅል ስምም ከሥሩ ምን እንዳለ አይገልጽም። ዌይ፣ ካዜይን፣ ካዜይኔት ወይም ላክቶስ የሚል ስም ካለ የወተት ውጤት አለ ማለት ነው፤ አልቡሚን እንቁላልን ሊያመለክት ይችላል፤ ብቅል ብዙ ጊዜ ገብስ ነው። በዝርዝሩ ግርጌ መገኘት መጠኑ ማነሱን እንጂ የማይጎዳ መሆኑን አያሳይም። ከሁሉም አስቸጋሪው ግን ጨርሶ ያልተጻፈው ነው፤ ወተት ያለው ብስኩት በተሠራበት ማሽን ላይ የቀረው ቅሪት።

ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ባደረገው ፍተሻ፣ ወተት በዝርዝራቸው ካልተጠቀሰ 88 ጥቁር ቸኮሌቶች ውስጥ በ51ዱ ወተት ተገኝቷል። አንዱ ዋና ምክንያት ከወተት ቸኮሌት ጋር ማሽን መጋራታቸው ነው። የአለርጂ ሕግ ከጠበቀበት አገር እንዲህ ያለ ውጤት ከወጣ፣ ለአለርጂ ተብሎ ያልተጻፈ አንድ ቃል ዋስትና ይሆናል ማለት አይቻልም።

ጾም ሌሎቹን መንስኤዎች ደግሞ አይከለክልም፤ እንዲያውም ያበዛቸዋል። በወተት ፋንታ የአኩሪ አተር ወተት፣ በቅቤ ፋንታ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ በሥጋ ፋንታ ፓስታና ሳምቡሳ ይቀርባል። ሰሊጥ ከጾም ማዕድ አይጠፋም፤ አሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ በአለርጂነቱ ማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ አስገድዳለች። በእንጦጦ ዳገት ለሚሮጥ ሰው መልካም ስንቅ የሆነው በሶም ገብስ ነው፤ ገብስ እንደ ስንዴ ሁሉ ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አለው። ታሽጎ የተሸጠ በሶ የጾም ምግብ መሆኑ እውነት ነው፤ ግሉተን ላቆመ ሰው ግን አይሆንም።

«ይህን ያህል ትንሽ ነገር ምን ያደርጋል?» ይባላል። የወተት ስኳር ለማይፈጭለት ሰው ጥቂቱ ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ የወተት ፕሮቲን አለርጂ ላለበት ግን ቅንጣቱም ሊያደርሰው የሚችለው ጉዳት ከባድ ነው። ምግብ የሚቆመውም ሰውየው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ገና ባልታወቀበት ጊዜ ነው። «ዋጋ ይወደዳል» የሚለውም አያስኬድም፤ እቤት የተቀቀለ ድንች ከብስኩት ይረክሳል።

ፍተሻው ቅደም ተከተል አለው። ከፊት የተጻፈው ይታለፋል፤ ዝርዝሩ እስከ መጨረሻው ይነበባል፤ «ሊኖረው ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለ ዕቃው ይመለሳል። ምንጩ ያልተገለጸ ሌሲቲን ወይም ማጣፈጫ ያለበት፣ ወይም ጽሑፉ በማይነበብ ቋንቋ ብቻ የቀረበ፣ እንዲሁ ይቀራል። አምራቹ አሠራሩን ሊቀይር ስለሚችል ንባቡ በየግዢው ይደገማል። ሴሊያክ፣ ማለትም ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም፣ የተጠረጠረበት ሰው ስንዴን ከማቆሙ በፊት የደም ምርመራውን ማድረግ አለበት፤ አስቀድሞ ካቆመ ምርመራው ሊስት ይችላል። ከዚህ ቀደም የትንፋሽ ማጠር ወይም የፊት እብጠት የደረሰበት ሰው ደግሞ ምግቡን መልሶ የሚሞክረው በሐኪም ፊት ብቻ ነው።

«የጾም» የሚለው ጽሑፍ ለጾመኛው የተጻፈ ነው፤ ለእሱም በቂ ነው። ሕመሙን ለሚፈትሽ ሰው ግን ጨርሶ እንዳልተጻፈ ሊቆጠር ይገባል። አምራቾችም መንስኤዎቹን በግልጽ በአማርኛ እስኪጽፉ ድረስ፣ በማቆሚያው ሳምንታት ከታሸገ ምግብ ሁሉ መራቅ የተሻለው መንገድ ነው።