የአራስ ደመወዝ ከማን ኪስ?

መንግሥታችን አዋጅ ማውጣት አይታክተውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ደመወዟ ሳይቆረጥ ታርፋለች ይላል። በ1996ቱ አዋጅ ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ቀን ብቻ ነው። አንድ ወር ተጨመረ፤ እሰየው!

ለመሆኑ ግን ይህን ደመወዝ የሚከፍለው ማነው? መንግሥት እንዳይመስላችሁ። አዋጁን ያወጣው እሱ፣ ሂሳቡን የሚዘጋው አሠሪው ነው። በሰው ኪስ ደግ መሆን ይሏል ይህ ነው! የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ፈንድ በየወሩ ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ ይሰበስባል። ለእርጅና ይከፍላል፣ ለአካል ጉዳት ይከፍላል፣ ለሟች ቤተሰብ ይከፍላል፤ ለአራስ ግን አምስት ሳንቲም የለውም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 183 ይህ ወጪ በማኅበራዊ ዋስትና ወይም በሕዝብ ገንዘብ ይሸፈን እንጂ በአሠሪው ጫንቃ ላይ ብቻ አይውደቅ ያለው ያለ ነገር አይደለም።

አሥር ሴቶች የሚያሠራ ትንሽ ነጋዴ ሁለቱ ባንድ ሰሞን ቢወልዱበት የእነሱንም፣ የተተኪዎቻቸውንም ደመወዝ ይከፍላል። ታዲያ ምን ያደርጋል? ወንድ ይቀጥራል። ወይም ሴቷን በየስድስት ወሩ በሚታደስ ውል ይይዛትና ሆዷ ገፋ ሲል «ውልሽ አልቋል» ብሎ ያሰናብታታል። ለዚህ ሰውዬ ጥብቅና አልቆምም፤ በሕግ ተጫውቷል። ግን ጨዋታውን አትራፊ ያደረገለት ማነው?

አዋጁ እኮ ከጥቂት ምክንያቶች በቀር በእርግዝናዋ ወራትና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ማሰናበትን ይከለክላል። ይሁን እንጂ የተባረረችው ሠራተኛ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብላ ለመክሰስ ያላት ጊዜ 3 ወር ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ ለመጠየቅ ደግሞ 6 ወር። ልብ በሉ! ገና ወገቧ ሳይጠና፣ ልጅ ታቅፋ ጡት ስታጠባ ሦስቱ ወር ሽው ብሎ ያልፋል። አለቃውም ይህን ያውቃል። «ትንሽ ታገሺ፣ እናያለን» የሚላት ለዚሁ ነው። እህቶቼ፣ ሽማግሌ ስትልኩ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ! የቅጥር ውሉን፣ የደመወዝ ወረቀቱንና የሐኪም ማስረጃውን ቅጂ ቤታችሁ አስቀምጡ። የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ገንዘብ አይከፈልበትም።

«ደመወዟ ሳይቆረጥ» የሚለውም ቢሆን ጉድ አለበት። ሕጉ የትርፍ ሰዓትን፣ የትራንስፖርት አበልን፣ ኮሚሽንን፣ የሆቴል ሠራተኛዋን ሰርቪስ ቻርጅ ደመወዝ ብሎ አይቆጥርም። ስንቷ ናት ታዲያ በእነዚህ የምታድረው? ገቢው ባጠረበት ሰዓት የገንፎው እህል አለ፣ ቅቤው አለ፣ ዳይፐሩ አለ፣ ለጠያቂው ቡና አለ፤ ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ክርስትና አለ። እኔ የማውቃቸው ብልሆች እርግዝናቸው እንደታወቀ ለዕቁቡ ዳኛ ነግረው ዕጣቸውን ወደ መውለጃቸው ወር ያስጠጋሉ። አበሉ የሚቀርባቸውን ያህልም ቀደም ብለው በየወሩ ያስቀምጣሉ። የክርስትናውን ድግስ በብድር አለማድረግም ነውር አይደለም፤ ልጁ እንደሆን አያስታውሰውም። አባትየው? ለእሱ አዋጁ የሰጠው 3 ቀን ነው፤ ጠያቂ ሲያስተናግድ ያልቃል።

የቤት ሠራተኛዋንማ ጭራሽ አያውቃትም። አራሷ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ቢሮ የምትመለሰው ልጇን ለእሷ ትታ ነው። እሷ ስትወልድ ግን የምትሄደው ወደ አገሯ፣ ባዶ እጇን ነው።

ለጡረታ በየወሩ መሰብሰብ የቻለ መንግሥት ለወሊድም መሰብሰብ አያቅተውም። ከወንዱም ከሴቷም፣ ከትልቁም ከትንሹም ድርጅት ጥቂት ጥቂት ቢዋጣ የአራሷ ደመወዝ ከፈንዱ ይከፈላል፤ አሠሪውም የሴት ሆድ እያየ መደንገጡን ይተዋል። ምክር ቤቱ አዋጁን ሲያሻሽል 30 ቀን መጨመር አልከበደውም። የገንዘቡን ምንጭ የሚወስነው መቼ ነው?