መንገዱን ማን ሠራው?

«ጣሊያን ባይመጣ ኖሮ መንገድ የሚባል ነገር የት እናይ ነበር?» የሚለው ወግ ከአገር ቤት ወጥቶ እስከ ካምፓላ ድረስ ተከትሎናል። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ በአድናቆት የሚተርክ ብዙ ሰው ጨዋታውን የሚቋጨው በዚህ ነው። በኡጋንዳም የዚሁ ወግ መንትያ አለ፤ «መንገድን ያመጣው እንግሊዝ ነው» ይላል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ለዚህም ከሜንጎ ኮረብታ የተሻለ ምስክር መጥራት አያስፈልግም።

በሜንጎ፣ የቡጋንዳ ምክር ቤት ከሚገኝበት ከቡላንጌ ተነሥቶ እስከ ካባካው ቤተ መንግሥት እስከ ሉቢሪ ደጃፍ እንደ ክር ቀጥ ብሎ የሚዘልቅ ጎዳና አለ። ስሙ ካባካ አንጃጋላ ነው፤ «ንጉሡ ይወደኛል» ማለት ነው። መሐል ላይ መኪናው ሁሉ ዞሮት የሚያልፈው አደባባይ አለ። ካባካው ግን አይዞርም፤ በር ተከፍቶለት ቀጥ ብሎ ያልፋል። ይህን የንጉሥ ኩራት ነው ብሎ የሚተወው ይኖራል። ሆኖም ቀጥ ያለ መንገድ በቡጋንዳ የቆየ የአገር ልማድ ነው።

ተጓዡ ጆን ስፒክ በ1862 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ቀዳማዊ ሙቴሳ ግቢ ሲያመራ፣ ዳገቱን ወጥተው ቁልቁለቱን ወርደው በቀጥታ የሚዘልቁ፣ በስፋታቸውም የአገሩን የሠረገላ ጎዳና ያስታወሱት መንገዶች አግኝቷል። ይህም እንግሊዝ ቡጋንዳን በጥበቃዋ ሥር አደረግሁ ካለችበት ከ1894 በፊት 32 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ከዋና ከተማው ወደየአውራጃው የሚወጣው መንገድ ኃላፊነቱ የየአውራጃው ሹም ነበር፤ ሹሙም በከተማው ውስጥ መኖሪያ የሚሰጠው ወደ ግዛቱ በሚወስደው መንገድ ወገን ነበር። በዚያ እርጥብ ምድር ከሰው ቁመት በላይ የሚያድገው ሣር ያልተጠረገን መንገድ ፈጥኖ ይውጠዋል። ስለዚህ የመንገዶቹ መኖር የሚመሰክረው አንድ ቀን መቆረጣቸውን ብቻ ሳይሆን ዘወትር መጠበቃቸውንም ነው። ይህን የጋራ ሥራ ባጋንዳዎች «ቡሉንጊ ብዋንሲ» ይሉታል፤ የአገር በጎነት እንደ ማለት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያልን ላደግን ለእኛ ትርጉሙ አይጠፋንም።

ታዲያ እንግሊዝ ምን አመጣ? መጋቢት 10 ቀን 1900 በሜንጎ የተፈረመውን ውል ማየት ይበቃል። ካባካው ዳውዲ ቿ ገና ሕፃን ስለ ነበረ የፈረሙለት እንደራሴዎቹ ናቸው። ውሉ ለመንገድ ጥገና ከ3 ጎጆ 1 ሠራተኛ እንዲወጣ፣ ሠራተኛውም በዓመት ከአንድ ወር በላይ እንዳይያዝ ይደነግጋል። እንግዳው መንግሥት፣ ጠራጊውን ሕዝብ ከነሹሙ ከነልማዱ ተረክቦ በወረቀት ላይ አሰፈረው እንጂ ባዶ ምድር ላይ አልጀመረም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥተው ስድስት ወር በማይሞላ ጊዜ መቅደላ ሲደርሱ፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ይዘው ነበር። መድፉ በአየር አልበረረም። ለእርሱ ሲባል የጅዳና የበሽሎ ገደሎች ተፈልጠው መንገድ ወጣባቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ከሚያነሡት መካከል ነበሩ። ሊወጋቸው የመጣው የናፒየር ጦር ጅዳን የተሻገረው በዚያው መንገድ ነው፤ ሥራውን ካደነቁት መካከልም ከዘመቻው ጋር የመጡ እንግሊዛውያን ይገኛሉ። ጠላት ያየውን እኛ የማናየው ለምንድን ነው?

«ይህ ሁሉ ሲደመር ከጣርማ በር ዋሻ ጋር ይወዳደራልን?» የሚል ይኖራል። በምሕንድስና አይወዳደርም፤ ይህን መካድ አያሻም። በፋሽስት ወረራ ዘመን የተቆረጡት መንገዶች ትልቅ ሥራ ናቸው፤ ብዙ ሺህ ጣሊያናውያን ሠራተኞችም ደክመውባቸዋል። ነገር ግን የተቆረጡት ጦር ለማመላለስና አገር ለመግዛት እንጂ ለስጦታ አልነበረም፤ ድንጋዩን ከተሸከሙት መካከልም የእኛ ሰዎች ነበሩበት። ከ1941 በኋላ መንገዶቹ በዝናብና በእንክብካቤ እጦት ተበላሽተው ስለ ነበር፣ ከዓለም ባንክ ተበድሮ በ1951 የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ማቋቋም ግድ ሆኗል። እንግዲህ ዛሬ የምንሄድበት መንገድ በየክረምቱ ናዳ ያነሡለት፣ ቦይ የጠረጉለት፣ ድልድይ የጠገኑለት ሰዎች መንገድ ነው። ለአምስት ዓመት ገዥ ሙሉ ምስጋና ሰጥቶ፣ ለሰማንያ ዓመት ጠጋኝ አንድ ቃል መንፈግ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ክርክሩ ነገሥታትን ለማወደስ አይደለም። የቴዎድሮስም መንገድ በፍርሃትና በረኀብ የተሠራ ነው፤ በቡጋንዳም ሹሙ ሲያዝ እምቢ ማለት ቀላል አልነበረም። ግዳጅ በወገን እጅ ሲሆን ግዳጅነቱ አይቀርም። ይህም የበለጠ የሚያስገድደን ሠሪውን እንድናስብ ነው።

ካባካ አንጃጋላ ራሱ ባለሥልጣን እንደሚያልፍ አይቷል። ግንቦት 24 ቀን 1966 የሚልተን ኦቦቴ መንግሥት ጦር ሉቢሪን ደበደበ፤ በ1967 ነገሥታት በሕግ ተሻሩ። ቡላንጌ የመከላከያ መሥሪያ ቤት፣ ሉቢሪ የጦር ሰፈር ሆኑ። ከምክር ቤት ወደ ቤተ መንግሥት ይሄድ የነበረው ጎዳና ከወታደር ወደ ወታደር የሚያደርስ ሆነ። ካባካነቱ የተመለሰው በ1993 ነው። ገዥዎቹ ሲፈራረቁ ጎዳናው ቆየ፤ ያቆየውም ጠባቂ በማጣቱ አይደለም።

ስለዚህ «መንገዱን ማን ሠራው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ የአንድ አገር ወይም የአንድ ንጉሥ ስም ብቻ ሆኖ አይቅር። ማን አዘዘው፣ ማን ደከመበት፣ ማንስ ጠብቆ አቆየው ብለን ሦስቱንም እንመልስ። በዚህ በስደት አገር የሚያድጉ ልጆቻችን ሊማሊሞን በፎቶግራፍ ሲያዩ የወራሪውን ስም ብቻ ከእኛ አፍ ከሰሙ፣ አያቶቻቸው እጅ ያልነበራቸው ይመስላቸዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሚናገረው ሲኖር ነው እንጂ ዝም ከተባለማ ሣር ይውጠዋል።