ስለ ጓሮ ባቄላ

ባቄላ የድኻ ምግብ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ይህ ነገር ስሕተት ነው እላለሁ፤ ይልቁንም ልጆችን የሚጎዳ ስሕተት ነው።

ተማሪ ሳለሁ እናቴ የባቄላ ንፍሮ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ ትሰጠኝ ነበር። ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ የስንዴ ዳቦ ይዘው ይመጡ ስለ ነበረ፥ እኔ አፍሬ ከአጥር ኋላ ተሸሽጌ ለብቻዬ እበላ ነበር። አንድ ቀንም ከዚህ የከፋ አደረግሁ። ንፍሮውን ሳልቀምሰው ከሣር ላይ ደፍቼ በባዶ ሆዴ ወደ ክፍል ገባሁ። ማታ እናቴ «በላህን?» ብላ ብትጠይቀኝ «አዎን፥ በላሁ» አልኋት። ያን ባቄላ በጓሮዋ የዘራችው፥ ያረመችው፥ በዱላ የወቃችው፥ እንጨትም ለቅማ የቀቀለችው እርስዋ ነበረች። ዛሬም በአምቦ ወይም በጉደር ምሳውን ሸሽጎ የሚበላ ተማሪ ባየሁ ጊዜ ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

ለመሆኑ ባቄላ የሚያሳፍር ነገር አለበትን? ንጉሥ ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ ወደ መሃናይም በደረሰ ጊዜ፥ ቤርዜሊና ባልንጀሮቹ ካመጡለት ስንቅ መካከል ስንዴና ገብስ፥ ምስርና ባቄላም እንደ ነበረበት በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፏል። ለተራበ ንጉሥ የበቃ ምግብ ለተማሪ እንዴት ያንሳል? በአገራችንም ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ጉልባን የሚሠራው ከባቄላ ክክና ከስንዴ ነው፤ ባለጠጋውም ድኻውም ይበላዋል። በጾም ወራትም እልበቱና ስልጆው ከባቄላ ዱቄት ይሰናዳል።

ስለ ጉልበትም ቢሆን፥ የደረቀ ባቄላ ከመቶ 25 እጅ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን የሚባለው ሥጋንና ጡንቻን የሚሠራው የምግብ ክፍል ነው። ጤፍና ስንዴ የዚህን እኩሌታ ያህል ብቻ አላቸው። እንግዲህ እንጀራን በባቄላ ሽሮ የሚበላ ልጅ፥ በአንዱ የጎደለውን በሌላው ይሞላል። በየሳምንቱ ሥጋ ለማይገዛ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሥሩ ልንገራችሁ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነውና። አበባ የያዘ አንድ የባቄላ ተክል በቀስታ ነቅላችሁ አፈሩን ብታጥቡለት፥ በሥሩ ላይ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ያሉ ትናንሽ እባጮች ታገኛላችሁ። አንዱን በጥፍራችሁ ብትከፍሉት ውስጡ ቀላ ያለ ነው። ይህ በሽታ አይደለም። በእባጩ ውስጥ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረቶች ይኖራሉ። የምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጂን ነው፤ ነገር ግን ሰውም፥ ከብትም፥ ስንዴም ከአየር ወስደው ለምግብ ሊያደርጉት አይችሉም። እነዚያ ጥቃቅን ፍጥረቶች ግን ይዘው ለባቄላው ምግብ ያደርጉለታል፤ ባቄላውም በለውጡ ስኳር ይመግባቸዋል። ይህን ነገር ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉ ሁለት የጀርመን ሊቃውንት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1886 ዓ.ም. አስታወቁ። የሸዋ ገበሬ ግን ምክንያቱን ባያውቅም ሥራውን ያውቅ ነበር። ባቄላ በነበረበት መሬት በማግሥቱ ዓመት ስንዴ ወይም ገብስ ቢዘራ የበለጠ እንዲያምር ከአባቶቹ ተምሮአልና።

ስለዚህ ባቄላችሁን በሰበሰባችሁ ጊዜ አገዳውን ከመሬት በላይ ቁረጡት እንጂ ከነሥሩ አትንቀሉት። ሥሩ በዚያው ሲበሰብስ ለአፈሩ ምግብ ይሆናል። በሚመጣውም ዓመት በዚያ መደብ ላይ ጎመን ትከሉበት። ማዳበሪያ ለመግዛት አባቱ ሲጨነቅ ያየ ልጅ ይህን ምክር አይንቅም።

በአምቦ አካባቢ ባቄላ የሚዘራው ክረምቱ ሲገባ፥ በሰኔ ነው። ለአንድ ተማሪ አራት እርምጃ በአራት እርምጃ የሆነ መሬት ይበቃዋል። በረድፍና በረድፍ መካከል ሁለት ስንዝር፥ በፍሬና በፍሬ መካከል ግማሽ ስንዝር ተዉ። መሬታችሁ እንደ ጊንጪ አገር መረሬ የሆነ እንደ ሆነ ግን መደቡን ከፍ አድርጉ፥ በዙሪያውም ቦይ ቅደዱለት፤ ባቄላ እግሩ በውኃ ውስጥ ሲቆም ሥሩ ይበሰብሳልና። ውኃ ለሚቋጥር መሬት የሚሻል ዋልኪ የሚባል የባቄላ ዘር የሆለታ የእርሻ ምርምር ሠራተኞች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. አውጥተዋል። አበባው ነጭ ነው፤ በመካከሉም ጥቁር ነጥብ አለበት፥ ንብም ይወደዋል። ክሽክሽ የተክሉን ጫፍ የወረረው እንደ ሆነ ጫፉን ቀንጥሳችሁ ከጓሮው አርቃችሁ ጣሉት።

አንድ አባት «ልጄን ወደ ትምህርት ቤት የሰደድሁት ዶማ እንዲይዝ አይደለም» ሲሉ ሰምቻለሁ። እርሳቸውን አልነቅፍም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዶማ ይዘው ደክመዋልና። ነገር ግን በአሳባቸው አልስማማም። ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ታላቅ ቤት በ1939 ዓ.ም. ሲቋቋም የእርሻ ትምህርት ቤት ነበር። እርሻ የሚማሩት እውቀት ባይሆን ኖሮ ለእርሱ ትምህርት ቤት ባልተሠራለትም ነበር። ደግሞ ባቄላ የዘራ ልጅ መጽሐፉን ይጥላል ያለው ማን ነው? አራት እርምጃ መሬት ለማረም የቅዳሜ ጧት ይበቃል።

ሌላም የማልወደው ነገር አለ። ወንዶች ልጆች ዘርተው ከሰበሰቡ በኋላ ማብሰሉን ለእኅቶቻቸው ይተዋሉ። እኔ ንፍሮ መቀቀል የተማርሁት ከቤቴ ወጥቼ ለብቻዬ መኖር ከጀመርሁ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያውንም ድስት አሳርሬዋለሁ። እናንተ ግን በጊዜ ተማሩ። ማታ ባቄላውን ልቀሙ፥ እጠቡ፥ በብዙ ውኃም ዘፍዝፉት። ሲነጋ ያን ውኃ ድፉት። ስለ ባቄላና ስለ ሆድ በየመንደሩ የሚነገረውን ቀልድ ታውቁታላችሁ፤ በዚህ መጽሐፍ መጻፍ አይገባም። የዘፈዘፉበትን ውኃ የሚደፉ ሰዎች ግን ቀልዱ ያንስባቸዋል። ከዚያ በኋላ በአዲስ ውኃ ጥዳችሁ እሳቱን መጥኑ፤ ውኃው ሲጎድል የፈላ ውኃ ጨምሩበት። ጨው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ፍሬው በሁለት ጣት መካከል ሲፈርጥ በስሏል ማለት ነው። የተዘፈዘፈውን ባቄላ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥቂት ቀን ብታቆዩት ይበቅላል፤ ይህም ሲቀቀል ጉንቁል ይባላል፥ ከንፍሮም ይልቅ ይጣፍጣል። የተቆላውን ግን ትኩሱን ብሉት፤ ባቄላ ካደረ አይቆረጠምም ይባላልና።

ክረምቱ አልፎ እሸቱ በደረሰ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ሁሉ ወዳጃችሁ ይሆናል፤ እናንተም ራሳችሁ እየፈለፈላችሁ መደቡን በሳምንት ልትጨርሱት ትችላላችሁ። እሸት መብላት ደስ ያሰኛል፤ አልከለክላችሁም። አስቀድማችሁ ግን ዐሥር የሚሆኑ ጠንካራ ተክሎች መርጣችሁ ቀይ ክር እሰሩባቸው፤ ከእነርሱ ማንም አይቁረጥ። ቅርፊታቸው ጠቁሮ ሲደርቅ ፍሬውን አውጡ፥ ነቀዝ የነካውን ለዩ፥ በፀሐይም ደኅና አድርጋችሁ አድርቁት። ከዚያም በቅል ጨምራችሁ ከምድጃው በላይ ጢስ በሚደርስበት ስፍራ ስቀሉት።

እናቴ እንዲህ ታደርግ ነበር። ካረፈች በኋላ ቅሉን ባወርደው ሁለት እፍኝ ያህል ባቄላ አገኘሁበት። በሰኔ ዘራሁት።