ለወፍራሙ ካፖርት ጠበቆች የቀረበ ምላሽ

በሚኒያፖሊስም ሆነ በቶሮንቶ የበረዶ ወራት ፍሬንች ቡልዶግ ለሚያሳድግ ሰው የሚለገሰው ምክር ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ ጸጉሩ አጭር ስለሆነ ብርድ አይችልም፤ ስለዚህ ወፍራም፣ ኮሌታው ረጅም፣ ቆብ ያለው ካፖርት ይገዛለት። ምክሩ ከርኅራኄ የመነጨ ነው፤ መነሻውም ሐሰት አይደለም። እኔም «ለውሻ ጸጉሩ ይበቃዋል» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የምቃወመው ከእውነተኛው መነሻ ወደ ተሳሳተው መደምደሚያ የተዘለለበትን መንገድ ነው።

አንደኛ፣ ምክሩ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን፣ የፊት ጠፍጣፋነትንና የጸጉር አጭርነትን፣ ያምታታል። ፊቱ እንደ ፍሬንች ቡልዶግ የተጠፈጠፈ ውሻ ሁሉ ጸጉሩ ስስ አይደለም። ፔኪኒዝ ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ሳለ ጸጉሩ ድርብና ረጅም ነው፤ ለእርሱ ብዙውን ጊዜ እርጥበት የሚከላከል ስስ ልብስ ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ ዋናው ስህተት ያለው ሳይነገር በታለፈው ግምት ውስጥ ነው። «ሙቀት በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚል ሰው፣ ውሻው የተረፈውን ሙቀት እንደ ሌላው ውሻ ያስወጣል ብሎ ገምቷል። ውሻ እንደ ሰው በላብ አይቀዘቅዝም፤ የሚያልበው በዋናነት መዳፉ ሥር ነው፣ ያም ኢምንት ነው። ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። የፊተ ጠፍጣፋው የአፍንጫ ቀዳዳ ግን ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፤ የላንቃው ለስላሳ ክፍልም ለአጭሩ አፉ ከልክ በላይ ይረዝማል። በእንግሊዙ ቡልዶግ የአየር ቧንቧው ራሱ የቀጠነ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ውሻ ሲያለከልክ የሚያስወጣው ሙቀት ጥቂት፣ ለትንፋሹ የሚከፍለው ጉልበት ብዙ ነው፤ ያ ጉልበት ደግሞ በተራው ሙቀት ይወልዳል። ስለዚህ ወፍራሙ ካፖርት ጉዳቱን የሚያሳየው በረዶ ላይ ሳይሆን፣ ውሻው እንደለበሰ ማሞቂያ ወደተከፈተበት መኪና ወይም ቤት ሲገባ ነው።

ሦስተኛ፣ ኮሌታውና ቆቡ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በፍሬንችና በእንግሊዝ ቡልዶጎች ላይ የአንገት ውፍረት ከመተንፈሻ ችግር ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ይህ ስለ ኮሌታ በቀጥታ የሚናገረው ነገር የለም፤ ከሚለው በላይ ላስብለው አልሻም። ግን አየር በጭንቅ የሚያልፍበትን ጉሮሮ ከውጭ አጥብቆ ማሰርን በተመለከተ ማስረጃ ለማቅረብ የሚገደደው አሳሪው እንጂ ከልካዩ አይደለም። «አጭር አፍንጫ ቀዝቃዛውን አየር በወጉ አያሞቀውም፤ አፉ ይሸፈን» የሚሉም አሉ። የመጀመሪያው ሐረግ እውነት ነው። መፍትሔው ግን ጉዞውን ማሳጠር ነው፤ አፍንጫ የሚሸፍን ሁሉ ለዚህ ውሻ ጠላት ነው።

አራተኛ፣ ልክ። በክብደት ወይም በጀርባ ርዝመት ብቻ የተመረጠ ካፖርት ለቡልዶግ ሰውነት አይሆንም፤ ደረቱ ሰፊ፣ ጀርባው አጭር ነውና። ለጀርባው የተመጠነው ደረቱ ላይ አይዘጋም፤ ለደረቱ የተመጠነው ከጅራቱ አልፎ ይንጠለጠላል፣ የወንዱም ሆዱ ሥር በሽንት ይርሳል። መለካት ያለበት ከፊት እግሮች ኋላ ያለው የደረት ዙሪያ ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር በቂ ነው። ከዚያ ብብቱን እዩት፦ ጸጉር የሌለው ቆዳ ከስፌቱ ጋር እየተፋተገ ከቀላ፣ ካፖርቱ ውድ መሆኑ ምንም አይፈይድም።

ገዢው እንግዲህ መካከለኛ ውፍረት ያለውን፣ ውሃ የማያስገባውን፣ አንገቱ ሰፊ የሆነውንና በደረት ወይም በሆድ በኩል ሙሉ በሙሉ የሚከፈተውን ይምረጥ፤ ገመዱም ከአንገት ሳይሆን ከደረት ማሰሪያ ይያያዝ። ቤት ሲደርስ ካፖርቱ ከሁሉ አስቀድሞ በር ላይ ይውለቅ። ውሻው ካፖርቱን ለብሶ ዝም ብሎ በቆመበት ማንኮራፋቱ ከወትሮው ከፍ ካለ፣ ካፖርቱ ወደ ሱቁ ይመለስ።