ቁራሌው የማይገዛው ብረት

ቅዳሜ ጠዋት እንቅልፍ ሊጥመን ሲል ‹‹ቁራሌው!›› የሚለው ድምፅ ያልቀሰቀሰው የአዲስ አበባ ልጅ ይኖራል ብለን አናምንም። የተቀደደ ቆርቆሮ፣ እጀታ የሌለው ብረት ድስት፣ የአያታችን የማይሠራ ሬዲዮ… ሰውየው ምንም አይንቅም። ተከራክሮ ይከፍላል፣ ተሸክሞ ይሄዳል። ብረቱም ምናለሽ ተራ ገብቶ፣ ተቀጥቅጦና ተበይዶ ምድጃ ሆኖ ይመለሳል።

ዛሬ እስቲ ቁራሌው ራሱ ‹‹ይቅርብኝ›› ስለሚለው ብረት እናውጋችሁ።

ስሙ ስዊፍትሹር ይባላል። የብሪታኒያ ባሕር ኃይል በኒውክሌር ኃይል የሚንቀሳቀስ ሰርጓጅ መርከብ ነበር። ርዝመቱ ከ80 ሜትር፣ ክብደቱ ከ4,000 ቶን ይበልጣል። በ1973 ሥራ ጀመረ፤ በ1992 ጡረታ ወጣ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ እየቀነሳችሁ አትድከሙ)። ከዚያስ? ከዚያማ ስኮትላንድ ውስጥ ሮሳይዝ በሚባል የመርከብ ግቢ ታስሮ ቆመ። እሱን የማፍረስ ሥራ የተጀመረው በዲሴምበር 2016 ነው። 19 ዓመት አገልግሎ 24 ዓመት ተራ ጠበቀ ማለት ነው። ጡረታ ሲወጣ የዚህ ጡመራ አምደኞች አልተወለድንም፤ መፍረስ ሲጀምር ደግሞ ስለ ፈተና እንጂ ስለ ሰርጓጅ መርከብ አናስብም ነበር።

እሱ ብቻውን ቢሆን ‹‹ዕድለ ቢስ›› ብለን እናልፈው ነበር። ግን ብቻውን አይደለም። የብሪታኒያ ብሔራዊ ኦዲት ቢሮ በኤፕሪል 2019 ባወጣው ሪፖርት፣ አገሪቱ ከ1980 ጀምሮ 20 የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከቦችን ከአገልግሎት አውጥታ አንዱንም ሙሉ በሙሉ አለማስወገዷን ነገረን። ከ20ዎቹ 9ኙ የኒውክሌር ነዳጃቸው እንኳ አልወጣም። 7ቱ ደግሞ በሥራ ላይ ከቆዩበት ይልቅ ታስረው የቆዩበት ዘመን ይረዝማል። እስከ 2017 ድረስ እነሱን ለመጠበቅ ብቻ 500 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቷል። ለጠባቂና ለገመድ ማለት ይቻላል!

‹‹ታዲያ ለምን ቆርጠው አይጥሏቸውም?›› የሚል አይጠፋም። እኛም መጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነበር። ችግሩ ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ነው። ሪአክተሩ የተቀመጠው በጣም ወፍራም በሆነ የብረት ጋን ውስጥ ነው። ነዳጁ ቢወጣም፣ ጋኑ ለዓመታት በኒውትሮን ሲደበደብ ስለኖረ ብረቱ ራሱ ጨረር አመንጪ ሆኗል። አጥቦ ማጽዳት አይቻልም፤ ከላዩ ላይ ያለ ቆሻሻ ሳይሆን የብረቱ ባሕርይ ነው የተለወጠው። የቀረው የመርከቡ አካል ግን ብረት ነው፤ መከላከያ ሚኒስቴሩ 90 በመቶ ያህሉን መልሶ ለመጠቀም ያስባል። እንግዲህ ቁራሌው ጋኑን ትቶ የቀረውን ሊጭን ይችላል ማለት ነው።

ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። እንግሊዞች ይህን ጋን ምን እናድርገው ብለው ሕዝባቸውን ጠየቁ። አንዴም አይደለም። ፕሮጀክቱ በ2000 ከተጀመረ በኋላ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ በ2001 እና በ2003 ምክክሮችን መራ። ቀጥሎ መከላከያ ሚኒስቴሩ ራሱ ከኦክቶበር 2011 እስከ ፌብሩዋሪ 2012 ትልቁን የሕዝብ ምክክር አካሄደ። ሰነድ ታተመ፣ መርከቦቹ በቆሙባቸው በሮሳይዝና በዴቨንፖርት አካባቢ ኤግዚቢሽኖች ተከፈቱ። ዴቨንፖርት ፕሊመዝ የሚባለው ከተማ ውስጥ ነው፤ ሩብ ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርበታል፣ የመርከቡ ግቢ አጥርም ከመኖሪያ ቤቶች ብዙ አይርቅም። እዚያ ልብስ የምታሰጣ ሴት ጎረቤቷ ሰርጓጅ መርከብ ነው።

የቀረቡት ዋና ጥያቄዎች ሦስት ነበሩ። ጋኑ የሚወጣው እንዴት ይሁን? ሥራው የት ይሠራ፣ ዴቨንፖርት፣ ሮሳይዝ ወይስ በሁለቱም? የወጣውስ ለጊዜው ምን ዓይነት ቦታ ይቀመጥ?

ስለ ‹‹እንዴት›› ሦስት መንገድ ነበር። አንደኛው አሜሪካኖች የሚሠሩት ነው። ሪአክተሩ ያለበትን የመርከቡን ክፍል እንዳለ ቆርጠው፣ ሁለት ጫፉን በብረት ዘግተው፣ በጀልባ ጭነው በዋሽንግተን ግዛት ሃንፎርድ በሚባል ቦታ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ከ100 በላይ እንዲህ ያሉ ክፍሎች እዚያ ተደርድረዋል። ሁለተኛው ጋኑን ብቻ አውጥቶ ሳይቆርጡ ማስቀመጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጋኑንም ወዲያው ከትፎ በሣጥን ማሸግ። በማርች 2013 ውሳኔው ተነገረ፤ ጋኑ ሳይቆረጥ ይወጣል፣ ሥራው በሁለቱም ግቢዎች ይካሄዳል፣ ሮሳይዝ ያሉት 7ቱ እዚያው፣ ዴቨንፖርት ያሉትም እዚያው። ማንም የማንን አይቀበልም። የሮሳይዝ ሰው የሚሰማው እፎይታ ይገባናል።

ይህን ሁሉ ማናናቅ አንፈልግም። እኛ ለ‹‹ውይይት›› ተጠርተን የተወሰነ ነገር ሲነበብልን አጨብጭበን፣ ውኃና ብስኩት ተቀብለን የምንበተን ሰዎች ነን። ወታደራዊ ምስጢር የሚበዛበት መሥሪያ ቤት ‹‹የእኛ ቆሻሻ ይኸው፣ መንገዶቹ እነዚህ፣ እናንተስ?›› ብሎ ሰነድ ሲያስነብብ ማየት ያስቀናል። እውነቱን እንናገር፣ ቀንተናል።

ግን ጋዜጠኝነት ስንማር መምህሮቻችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጭንቅላታችን ውስጥ የደቀኑት ነገር አለ፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ሰነዱን በዚህ ሲያዩት አንድ ነገር ይጎድላል። ‹‹የት›› እና ‹‹እንዴት›› ተጠይቀዋል። ‹‹መቼ›› ከዋናዎቹ ጥያቄዎች ውስጥ የለም። እኛ እንደምናየው የእንግሊዞቹን ምክክር የበላው ይህ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ሰው ስለ ቦታው ተከራክሮ፣ ስለ አቆራረጡ አስተያየት ሰጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። የመጀመሪያው ምክክር ከተካሄደበት 2001 የመጀመሪያው መርከብ መፍረስ እስከጀመረበት 2016 ድረስ 15 ዓመት አለፈ። በ2001 ሐሳቡን የሰጠ የ60 ዓመት ሰው 75 ሆኗል፣ በሕይወት ካለ። ይባስ ብሎ ነዳጅ የማውጣቱ ሥራ በ2004 ቆመ፤ ተቆጣጣሪው አካል ‹‹መሣሪያችሁና ግቢያችሁ ደረጃውን አያሟላም›› ስላለ ነው (ተቆጣጣሪው ልክ ነበር)። ኦዲት ቢሮው ሪፖርቱን እስካወጣበት 2019 ድረስም ከአንድም መርከብ ነዳጅ አልወጣም ነበር።

ለመዘግየቱ ጥሩ ምክንያት የሚሰጡም አሉ፤ ማድመጥ ይገባል። ብረቱ ውስጥ ካሉት ጨረር አመንጪ ነገሮች አንዱ ኮባልት-60 ነው። ኃይሉ በየ5 ዓመት ከጥቂት ወሩ በግማሽ ይቀንሳል። 20 ዓመት ብትታገሡ ከአሥር እጅ አንዱ እንኳ አይቀርም፤ የሚቆርጠው ሠራተኛ የሚያገኘው ጨረርም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ክርክሩ ሳይንሱ ልክ ነው። ግን ለኮባልቱ ሲባል ታቅዶ መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ በጀትና መሣሪያ ጠፍቶ ሲቀመጡ ኮባልቱን ምክንያት ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ኮባልቱ ሲቀንስ እኮ ዝገቱ ይጨምራል። መርከቡን የሚያውቁት መሐንዲሶችም እንደ መርከቡ ጡረታ ይወጣሉ።

ዝገት ምን እንደሚያደርግ የሩሲያ ሰዎች ያውቃሉ። ኬ-159 የተባለ ሰርጓጅ መርከብ በ1989 ጡረታ ወጥቶ 14 ዓመት ቆሞ ዛገ። በኦገስት 2003 እንዲፈርስ ወደሚፈርስበት ቦታ ሲጎተት፣ እንዲንሳፈፍ የታሰሩለት ታንኮች በማዕበል ተበጥሰው ባረንትስ ባሕር ውስጥ ሰመጠ። ከውስጡ ከነበሩት 10 ሰዎች 9ኙ ሞቱ። 800 ኪሎ ግራም ያህል ያገለገለ የኒውክሌር ነዳጅ ይዞ ነው የወረደው። እዚያው ባሕሩ ወለል ላይ ነው።

(በነገራችን ላይ እንግሊዝ የራሷን አንድ መርከብ ሳታፈርስ፣ በዚያው ሰሞን በዓለም አቀፍ ትብብር ስም ሩሲያ ውስጥ ሰርጓጅ መርከቦች ሲፈርሱ ሒሳብ ትከፍል ነበር። ሩሲያ ውስጥ የነበረው አደጋ የባሰ ስለነበር አንቃወምም። ቢሆንም እናቶቻችን ‹‹የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች›› የሚሉት ይህንን ሳይሆን አይቀርም።)

ሌላው የቆረቆረን ነገር ‹‹አይሆንም›› የሚል ምርጫ አለመኖሩ ነው። ፕሊመዝ የሚኖር ሰው ዴቨንፖርትን ወይም ሮሳይዝን ሊመርጥ ይችላል፤ መርከቦቹ ግን ድሮውኑ ደጃፉ ናቸው። ሲመጡ ማን ጠየቀው? የጊዜያዊ ማስቀመጫው ምክክር (ከ2014 መጨረሻ እስከ 2015 መጀመሪያ) የቀረቡትም 5 ቦታዎች ሁሉም ቀድሞ የኒውክሌር ሥራ የሚሠራባቸው ነበሩ። በጁላይ 2016 ቼሸር ውስጥ ያለው ኬፕንኸርስት ተመረጠ። ለተግባር ይመቻል፣ እናምናለን። ሆኖም አንዴ ኒውክሌር የገባበት ሰፈር ለዘላለም ‹‹እንኳን ለናንተ አዲስ አይደለም›› እየተባለ ሊኖር ነው ወይ?

‹‹አይሆንም›› ሲፈቀድ ምን እንደሚሆንም እዚያው እንግሊዝ ውስጥ ታይቷል። ጋኖቹ ከኬፕንኸርስት ተነሥተው በመጨረሻ የሚሄዱበት፣ ከመሬት በታች በጥልቀት የሚቆፈር የቆሻሻ ማከማቻ እስካሁን ቦታ እንኳ አልተመረጠለትም። የዚህ ምርጫ ሕግ ግን ነዋሪው ፈቃደኛ መሆን አለበት ይላል። ሊንከንሸር ውስጥ ከ2021 ጀምሮ ሲወራበት የነበረ አካባቢ ነበር። ነዋሪው ዓመታት ተቃወመ፤ በ2025 የካውንቲው ምክር ቤት ከሂደቱ ወጣ። አልቋል። ማንም በግድ አልቆፈረም። አዎ፣ ቦታ ፍለጋው በዚህ ምክንያት ይዘገያል። ይህንኛው መዘግየት ግን ሰው በአፉ ተናግሮ ያመጣው ስለሆነ አያናድደንም።

‹‹ለምን››ስ? ፕሮጀክቱ የሚመለከተው 27 መርከቦችን ነው። አስቲዩት የተባሉት አዲሶቹ አይካተቱም። ከእነሱ ቀጥሎ የሚመጡት ደግሞ ድሬድኖት ይባላሉ፤ የመጀመሪያው በ2030ዎቹ መጀመሪያ ሥራ እንዲጀምር ታቅዶ እየተሠራ ነው። ስሙ ‹‹ምንም የማይፈራ›› ማለት ነው። ከ1980 ጀምሮ ጡረታ ላይ ያለው፣ የብሪታኒያ የመጀመሪያው የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ ስምም ድሬድኖት ነው። በዚህ አያያዝ ልጁ ባሕር ሲገባ አባቱ ገና ሮሳይዝ ቆሞ ሊያየው ይችላል። ኦዲት ቢሮው በ2019 የታሰሩትንና በወቅቱ ሥራ ላይ የነበሩትን መርከቦች የመጠበቂያና የማስወገጃ ዕዳ ሲያሰላ 7.5 ቢሊዮን ፓውንድ ብሎ ነበር፣ በ120 ዓመት የሚከፈል። ከፋዮቹ አብዛኞቹ አልተወለዱም።

‹‹እኛ ባሕር እንኳ የለን፣ ምን አገባን?›› ትሉን ይሆናል። በሴፕቴምበር 2025 ኢትዮጵያ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ከሮሳቶም ጋር ተፈራርማለች። ሮሳቶም የሩሲያን ጡረተኛ ሰርጓጅ መርከቦች የማፍረሱንም ኃላፊነት የወረሰ ድርጅት ነው። ማመንጫ ሰርጓጅ መርከብ አይደለም፣ ይገባናል። መብራት በወር ስንት ቀን እንደሚጠፋብንም አንረሳም፤ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ እንኳ ሁለት ጊዜ ጠፍቶብናል። ማመንጫም ግን ያገለገለ ነዳጅ ይተዋል፣ ማመንጫም ጋን አለው። ስለዚህ የሚሠራበት አካባቢ ገበሬና ከተሜ ከመሠረት ድንጋዩ በፊት እንዲጠየቅ እንፈልጋለን። ሲጠየቅም ‹‹የት ይሁን›› ብቻ አይበቃም። ቆሻሻው መቼ ይነሣል? ማን ይከፍላል? አልፈልግም ያለ ሰፈር ምን ይደረጋል? እነዚህ ጥያቄዎች ከውኃውና ከብስኩቱ በፊት ወረቀቱ ላይ ይስፈሩ።

ስዊፍትሹር አሁንም ሮሳይዝ ነው። ሚኒስቴሩ ሥራውን ለመጨረስ ያስቀመጠው ቀነ ገደብ የ2026 መጨረሻ ነው። ሲያልቅ ከ27ቱ 26 ይቀራሉ።